ተጫዋች ነህ ወይስ ዝምተኛ?

ወልድያ ላይ ከባጃጅ አስወርደው የወሰዱኝ ቀን፣ የክፍሉ በር ከኋላዬ እንደተዘጋ መጀመሪያ የተጠየቅሁት ስሜን አልነበረም። ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበርና ግድግዳው አሁንም ማሽላ ማሽላ ይሸታል። ካቦው፣ ማለትም እስረኞቹ ራሳቸው የመረጡት አለቃ፣ ከሰው መሀል ብድግ አለና፣

«ተጫዋች ነህ ወይስ ዝምተኛ?» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ መኝታ የሚደለደለው በዚህ ኖሯል። ክፍሉን የሚያሞቁት ተጫዋቾች ናቸውና መሀል ይተኛሉ። ዝምተኞች ሐሳባቸውን እንዲያስቡ ጥግ ይሰጣቸዋል። እኔ መምህር ነኝ፤ የታሰርኩትም ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አብዝቼ በመናገሬ ነው። ሳላመነታ «ተጫዋች» አልኩና መሀል ተመደብኩ።

ከሳምንት በኋላ ግራና ከምትባለው የገጠር ከተማ በኩል አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ፤ ሽርጥ ለብሰው፣ ነጭ ኮፍያ አድርገው። ካቦው ጎንበስ ብሎ ያንኑ ጠየቃቸው።

«አባባ፣ ተጫዋች ነዎት ወይስ ዝምተኛ?»

«ሰው ነኝ» አሉትና ራሳቸው ጥግ ፈልገው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ከሰላምታና ከሶላት በቀር ድምፃቸውን የሰማ የለም። እኛ ደግሞ ሥራ ፈት ነን፤ ስም እናወጣላቸው ጀመር። ካቦው «ጭምት ናቸው» አለ። ከሐራ የመጣ አንድ ነጋዴ «ቁጥብ ብትላቸው ይሻላል» ሲል፣ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጆሮ ጠቢ እንዳይሆኑ ብቻ» አለ። አማርኛ የማስተምረው እኔ ደግሞ የባሰውን መረጥኩ፤ «ዝጋታም» አልኩ። ሁሉም ሳቀልኝ፤ እኔም ኮራሁ።

በዚያን ጊዜ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። በየቀኑ በቀይ ምሳ ዕቃ ምግብ ታመጣልኛለች። መልእክት ማስገባት ክልክል ነው፤ የሚገባው ምግብ ብቻ ነው፣ እሱም በማንኪያ ተፈትሾ። ቀዩን ምሳ ዕቃ ሳይ ደህና መሆኗን አውቃለሁ። አንድ ቀን ምግብ ሳይመጣ ቀረ። በማግስቱም አልመጣም። ወልድያ ውስጥ ዘመድ የሚባል የለንም። ካቦው «መምህር፣ ወደ ጥግ ላዛውርህ እንዴ?» እያለ ሊያስቀኝ ቢሞክርም ዓይኔን ከበሩ አላነሳሁም።

በሦስተኛው ቀን ተጠራሁ። የተሰጠኝ ግን ጠርዙ የተላላጠ፣ የማላውቀው ሳህን ነው። ስከፍተው ገንፎ። የኛ ዕቃ አይደለም፤ እንግዲህ እሷ አንድ ነገር ሆናለች፣ አንዱ ጎረቤት አዝኖልኝ የላከው ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላው ሰው ልብም አላለውም፤ ነጋዴው የጨጓራ በሽተኛ ስለነበር ገንፎ ለክፍላችን ብርቅ አይደለም።

«ያንተም ጨጓራ ተነሳ?» አለ ነጋዴው፣ እጁን ወደ ሳህኑ እየሰደደ።

«ቆይ!»

ሁሉም ዞረ። ሽማግሌው ከጥጋቸው ተነስተው መጡ። መሀሉ ላይ የተሞላውን ቅቤና በርበሬ አይተው ወደኔ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ባለቤትህ ወሯ ነው ስትል ሰምቻለሁ።»

«አዎ፣ አባባ። ግን ዕቃው የኛ አይደለም።»

«ዕቃውማ የጎረቤት ነው። አራስ ተነስታ ዕቃ ትጠብ ኖሯል?» ፈገግ አሉ። «ክፉ ቢሆን ንፍሮ ነበር የሚመጣልህ። ይኼ የሚገነፋው ለእናቲቱ ነው፤ እሷ ከሌለች ለማን ብለው ያገነፋሉ? አብሽር፣ ወልዳለች። ደህና ናት።»

እኔ ተጫዋቹ ፊቴን በጋቢዬ ሸፍኜ አለቀስኩ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። የበሩ መስኮት ተከፈተና ጠባቂው «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ቁጭ አልን። ሽማግሌው ግን እንደቆሙ ናቸው።

«ልጄ፣ ተወልዷል» አሉት ረጋ ብለው። «ሲወለድ ዝም አይባልም።»

ጠባቂው አያቸው፣ አያቸውና መስኮቱን ዘጋው። ቅጣታችንን ስንጠብቅ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ።

«ውጭ ጠይቄ ነው፤ ሴት ናት» አለ። «ቀስ እያላችሁ።»

ለሴት ሦስት እልልታ ነውና ሦስት ጊዜ እልል አልን። ወንድ ብቻውን እልል ሲል ምን እንደሚመስል ያልሰማ ሰው ዕድለኛ ነው። ከዚያ ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አላህ ያሳድጋት። የእናቷን ጡት ወተት ይሙላው። አንተን በእግርህ ቤትህ አግብቶ ለማቀፍ ያብቃህ። ይህን በር ለሚዘጋውም ልጅ ልቡን ይክፈትለት።»

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሚን አለ። ገንፎው እስኪቀዘቅዝ ድረስ መረቁን። ከዚያ ለሁሉም አንዳንድ ጉርሻ ደረሰው።

ከተፈታን በኋላ ግራና ድረስ ሄጄ «ዝጋታም» ስላልኳቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ያኔም ሰምቼህ ነበር» አሉኝና የተቀመጡበት ዛፍ ጥላ ሥር ቦታ ለቀቁልኝ።

ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ የለየላት ለፍላፊ ናት። ገበያ ቀን ግራና ይዣት ስሄድ እሷ ታወራለች፣ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሟታል። ባለፈው ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣

«አባዬ፣ አባባ ዝምተኛ ናቸው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰው ናቸው» አልኳት።