ውሃ ያልቀመስኩበት ቤት

ዳውንታውን ላስ ቬጋስ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል እንደ እኔው ከወሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። አንሶላ ስናጥፍ አንዱን ጫፍ እሳቸው ይይዛሉ፣ ሌላውን እኔ። እኚህ ሰው ስንት ዓመት ተከራይተው ከኖሩ በኋላ አሊያንቴ የሚባል ሰፈር ውስጥ በባንክ ብድር ቤት ገዙና ለምረቃው ጠሩን።

ሄድኩ። ባለቤታቸው ሳህን ይዘውልኝ ሲመጡ ግን እጄን ሰበሰብኩና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ወለድ ሐራም ነው፤ በወለድ በተገዛ ቤት ውሃም አልቀምስ!” አልኩ። ዲነኛ መባል ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። ሴትዮዋ ሳህኑን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው። ሽማግሌው እስከ በር ሸኝተውኝ፣ “አይዞህ ልጄ፣ አልተቀየምኩም” አሉኝ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

ጉዱ ያለው ግን እኔው ኪስ ውስጥ ነበር። በስልኬ ክሪፕቶ አበድር ነበር። ባንክ የለበትም፣ ፎርም የለበትም፤ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘቤን ብሎክቼን በሚሉት የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ባለ ፕሮግራም ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ የማላውቀው ሰው ይበደረዋል፣ እኔ ጭማሪ አገኛለሁ። ይሄ ወለድ አይደለም ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄ ራሴው ፈትዋ ሰጠሁ። ወለድ የሚሆነው ሰው ከሰው ጋር ሲዋዋል ነው፤ እኔ የምዋዋለው ከኮድ ጋር ነው፣ ሰው የለበትም አልኩ። ሼህ አልጠየቅኩም። ያልጠየቅኩት ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው።

ያም አልበቃኝም። ኢቴሪየሙን መያዣ አድርጌ ዲጂታል ዶላር ተበደርኩ፤ በተበደርኩት ሌላ ኢቴሪየም ገዝቼ እሱንም መያዣው ላይ ጨመርኩ። ዋጋው ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ፕሮግራሙ መያዣውን ራሱ እንደሚሸጠው አውቃለሁ። እዚያ መያዣ ውስጥ ደግሞ እናቴን ሐጅ የምልክበት የአራት ዓመት ቁጠባ ነበር። ደሴ ያለችው እናቴ፣ “ዘንድሮ ካልሄድኩ ጉልበቴ አይጠብቀኝም” ብላኛለች። እኔም ኢንሻአላህ ዘንድሮ ትሄጃለሽ ብያታለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ብሬክ ላይ ስልኬን ከፈትኩ። እኔ ፎጣ ማሽን ውስጥ ስጭን ባረፈድኩበት ጠዋት ዋጋው ወርዶ፣ መያዣዬ ተሽጦ አልቋል። የምደውልለት፣ ሁለት ቀን ታገሰኝ ብዬ የምለምነው አጣሁ። ሰው የለበትም ብዬ የተመካሁበት ነገር፣ እውነትም ሰው አልነበረበትም።

ከሰዓት በኋላ አንሶላው ከእጄ እያመለጠ አስቸገረኝ። ሽማግሌው ምን ሆንክ ቢሉኝ መዋሸት አቃተኝ። የእናቴን ሐጅ፣ መበደሬን፣ ከሁሉ ደግሞ ማበደሬን ነገርኳቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን አንሶላውን አጥፈው ጨረሱ።

በሳምንቱ ከሺፍት ስንወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ ጠሩኝና ፖስታ አወጡ። “እኔና ባለቤቴ ለሐጅ ያጠራቀምነው ነው። እኛ ገና እንችላለን፣ እናትህ ይቅደሙ። ሲሆንልህ ትመልሳለህ፣ ጭማሪ የሚባል ነገር የለውም” አሉኝ።

እጄን ልዘረጋ ስል ፖስታውን ትንሽ ያዝ አደረጉት።

“ግን እናትህን ቅር እንዳይላቸው ልጄ። ይሄ ከኦቨርታይሜ ነው፣ ከቤቱ ብድር ጋር አይነካካም። እንደዚያም ሆኖ ሞርጌጅ ካለበት ሰው እጅ የወጣ ገንዘብ ለሐጃቸው ይሆናል? አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።”

እያሽሟጠጡብኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አላሾፉም። የምራቸውን ጠይቀው፣ መልሴን እየጠበቁ ነበር።