የአርፋጆች ግድግዳ

ጋሽ ዋቅጋሪ ጥበቃ ከመሆናቸው በፊት ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ ጋራዥ ሃያ ሁለት ዓመት መካኒክ ነበሩ። የመኪና በሽታ የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ባለመኪናው መዘርዘር ሲጀምር "አንተ ዝም በልና እሷ ትናገር" ይሉት ነበር። ወገባቸው አልታጠፍ ሲል ግን መፍቻቸውን ሰቅለው፣ ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ተቀመጡ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አሉ። ማረፊያ መስሏቸው ነበር፤ ስድስት መቶ ልጅ ባለበት ምን ማረፊያ አለ!

የትምህርት ቤቱ ደንብ አጭር ነው። ሰንደቅ ዓላማ ሊሰቀል ሲል በሩ ይዘጋል። ያረፈደ ውጭ ይቆይና ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ገብቶ ይንበረከካል። በ1996 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአንደኛ ክፍሏ ሪሐና እየሮጠች ስትደርስ በሩ ተዘግቶ ጠበቃት። መንበርከኩን ፈርታ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አለቀሰች። ጋሽ ዋቅጋሪ ማባበል አያውቁበትም፤ የሚያውቁት ሞተር ነው።

"ነይ፣ ግድግዳው ሥር ቁጭ በይ" አሏት። "እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ። ሞተርሽ ግሏል፤ የጋለ ሞተር ደግሞ አይነካም። ሚኒሞ እስኪመጣ እንጠብቀዋለን። ሚኒሞ ማለት መኪና ቆማ ቀስ ብላ ስታንኮራፋ ነው።"

ልጅቷ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የታክሲ ክላክስ፣ "ሰንጋ ተራ! ሰንጋ ተራ!" የሚል ወያላ፣ አጥሩ ላይ የምትንጫጫ ወፍ፣ የራሷ ልብ። ያን ቀን ስትንበረከክ እንኳ አላለቀሰችም።

በሳምንቱ አርፋጅ ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ግድግዳው ሥር ይደረደር ጀመር። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ልጆቹ ጥሞናውን ከመውደዳቸው የተነሳ እያወቁ ማርፈድ ያዙ፤ ጉልበታቸው እየተላጠ! በማለዳ ደርሰው፣ በሩ እስኪዘጋ ሱቅ ጥግ የሚደበቁም ነበሩ። ሰባት የነበረው አርፋጅ ኅዳር ላይ አርባ ሦስት ገባ።

አንድ አርብ ርዕሰ መምህሯ ኩልሱም አስጠራቻቸው። ደግ ሴት ናት፤ ከበላይ ቢሮ የሚደወለው ስልክ ነው ደግነቷን የሚያደርቀው።

"ጋሽ ዋቅጋሪ፣ ሰኞ ከአሥር በላይ አርፋጅ ካየሁ፣ በቃ፣ ሌላ ጥበቃ እፈልጋለሁ። አዝናለሁ።"

ሥራውን ይፈልጉታል፤ ከሥራውም በላይ ያንን ግድግዳ ወደውታል። ማታ ልጆቹ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ለመኗቸው፤ "የምትወዱኝ ከሆነ ሰኞ በጊዜ ኑ።"

ሰኞ ልጆቹ እንደ ጎርፍ ገቡ። በሩ ሲዘጋ ውጭ የቀሩት የምራቸውን ያረፈዱ አሥር ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ሪሐናም አለችበት። ጋሽ ዋቅጋሪ ሁለቴ ቆጠሩ። አሥር። "ተመስገን!" አሉ ጮክ ብለው።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ አንዲት ሴት ፋይል ታቅፋ፣ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ እየሮጠች መጣች። ኩልሱም ናት። ታክሲ አጥታ ከኦሎምፒያ ጀምሮ በእግሯ ነው የመጣችው።

"ይክፈቱልኝ!"

"መዝሙር ተጀምሯል ወይዘሮ ኩልሱም። ደንቡ የእርስዎ ነው።"

በሩን አየች፣ ልጆቹን አየች። "ስንት ናቸው?" አለች እያለከለከች።

መዋሸት ይችሉ ነበር። "ከእርስዎ ጋር አሥራ አንድ" አሉ።

ሪሐና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። "ቲቸር፣ እዚህ መጀመሪያ ቁጭ ነው የሚባለው። እጅ ደግሞ ደረት ላይ።"

ኩልሱም ተቀመጠች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። መዝሙሩ አልቆ በሩ ሲከፈት ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሊንበረከኩ ገቡ።

"ማንም እንዳይንበረከክ!" አለች ከተቀመጠችበት። "ርዕሰ መምህሯ አርፍዳ ማን ይቀጣል? ወደ ክፍል!"

ልጆቹ እየተሳሳቁ በረሩ።

"እርስዎስ አይገቡም?" አሉ ጋሽ ዋቅጋሪ ፈራ ተባ እያሉ።

"የእኔ ገና ሚኒሞ አልደረሰም" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "ከነገ ጀምሮ ግን ይህን ግድግዳ ወደ ውስጥ ያስገቡልኝ። በጊዜ የመጣውም ልጅ ይቀመጥበት።"

ጋሽ ዋቅጋሪ አጠገቧ ተቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። የእሳቸውም ሞተር በደስታ ግሎ ነበር።