ናጃህ መዶሻ የገዛች ጊዜ

ሙዝደሊፋ ከሞተ በኋላ በቡታጅራ ገበያ ጠርዝ ያለው ቀጥቃጭ ቤቱ ዓመት ከመንፈቅ ተዘግቶ ከረመ። ሚስቱ ናጃህ ግን ቁልፉን ለማንም አልሰጠችም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ቤት ወናፍ ስትነፋ ኖራለች። ባሏ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ ያገላብጣል፤ ታናሽ ወንድሙ ዑመይር በትልቁ መዶሻ ይመታል፤ እሷ እሳቱን ትጠብቃለች። ብረቱ መብሰሉን ከቀለሙ ለይታ "አውጣው" የምትለው እሷ ነበረች። አሁን ሙዝደሊፋ የለም። ዑመይርም የወንድሙን ሰደቃ ካወጣ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ በር ከሚበይዱ ሰዎች ጋር ሥራ ያዘ። ልጅ አልወለደችም።

ቀጥቃጭ ቤት ሰው ለጉዳይ ይመጣል እንጂ ለጨዋታ አይቀመጥም። ማረሻውን አስቀጥቅጦ፣ መጥረቢያውን አስሎ ይሄዳል። ናጃህ ባሏ በሕይወት ሳለ ይህን ልብ ብላው አታውቅም ነበር፤ ሦስት ሆነው ሲጫወቱ ስለሚውሉ የሰው እጦት አልታያትም። ቤቱ ሲዘጋ ግን ስሟን የሚጠራት ሰው ሳታገኝ ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ መጣ።

አንድ ጠዋት ብቻዋን ከፍታ ሞከረች። በአንድ እጇ ጉጠት፣ በሌላው መዶሻ ይዛ አንዲት ማጭድ ለማውጣት ታገለች። የምትችለው መዶሻ ቀላል ስለሆነ ብረቱ ሳይታዘዝላት ይቀዘቅዛል። መልሳ እሳት ውስጥ ትከተዋለች፤ ወናፉን ትነፋለች፤ እንደገና ትመታለች። ማጭዷ ሳታልቅ መሸ።

ዑመይር ጋር ደውላ ነገረችው። ተመለስ አላለችውም፤ እሱም እመለሳለሁ አላለም። ለወናፉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ እንደሚበቃ፣ ለመዶሻው ደግሞ ወልቂጤ ውስጥ በሞተር የሚመታ መዶሻ የሚሸጥ ሱራፌል የሚባል ሰው መኖሩን ነገራት። ሄዳ ሳታይ እንዳትገዛ አስጠነቀቃት።

በሳምንቱ ከአሮጌ መኪና የወጣ የባሌስትራ ቁራጭ በጆንያ ጠቅልላ ወልቂጤ ሄደች። ሱራፌል ወጣት ነው። በአክብሮት ተቀብሎ ወንበር አቀረበላትና ከኋላዋ ወደ በሩ ተመለከተ።

"ባለሙያው መቼ መጥተው ያዩታል?" አላት።

"ባለሙያዋ እኔ ነኝ" አለችው።

ሱራፌል ይቅርታ ጠይቆ ሁለት መዶሻዎች አሳያት። አንደኛው ከውጭ የመጣ፣ በአየር ግፊት የሚሠራ፣ ቀለሙ ያልተላጠ ነው። ሁለተኛው እዚያው ግቢ ውስጥ ራሱ የሠራው ነው፤ ከባዱን ብረት ከፍ ዝቅ የሚያደርገው በሞተር የሚወዛወዝ ባሌስትራ ሲሆን፣ በእግር ሲረግጡት ይመታል። የውጭውን አብዝቶ አሞገሰላት። ናጃህ ምን ዓይነት መብራት እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ስሪ ፌዝ ነው አላት። የእሷ ቤት መስመር እንደ ማንኛውም መኖሪያ ቤት ነጠላ ስለሆነ ያን ያህል ኃይል አይሰጥም፤ የውጭውን ተወችው።

ወደ ሁለተኛው ዞራ ያመጣችውን ብረት እንዲያግልላት ለመነችው። ብረቱ ሲበስል ራሷ በጉጠት ይዛ ከመዶሻው ሥር አደረገችና ረገጠች። መዶሻው ወርዶ ብረቱን እንደ ሊጥ ደፈጠጠው። ሱራፌል ፈገግ አለ። እሷ ግን ብረቱን አንስታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ በአንድ ጎኑ ስስ፣ በሌላው ወፍራም ሆኖ ነበር። ይህ መዶሻ ፊቱ ተንጋዷል፤ አስተካክለው አለችው። ለካው፤ እውነቷን ነበር። ፈትቶ ሲያስተካክል ቆማ ጠበቀች።

ቀጥሎ ቀስ ብሎ መምታት ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። መዶሻው የተሠራው ለኃይል ነው ሲላት፣ ማጭድ የሚበላሸው በኃይል እንደሆነ ነገረችው። የሞተሩን ቀበቶ አላልቶ፣ የሚረገጠውን ብረት አስረዝሞ ሞከረላት። ሦስት ጊዜ አስቀየረችው። በአራተኛው፣ ሙዝደሊፋ ጠርዝ ሲያሳሳ ዑመይር እንደሚመታው ያለ ልስልስ ምት መታላት። ደጋግማ ረገጠችው። ከዚያ ብረቱን አስቀምጣ ይሄንኑ እወስዳለሁ አለችው።

መዶሻው በአይሱዙ ተጭኖ ቡታጅራ ገባ። ሲሚንቶ አስፈስሳ ተከለችው፤ በወናፉም ፋንታ ማራገቢያ ገጠመች። ሥራውም ቀናላት፤ ቀድሞ ሦስት ሰው ከረፋድ እስከ ምሳ የሚደክምበትን መጥረቢያ ብቻዋን በአጭር ጊዜ ታወጣለች። ወሬው እንሴኖ ድረስ ተሰማ፤ ገበሬዎች ማረሻ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ነገር ግን መዶሻው ሲነሳ ጩኸቱ ሌላ ድምፅ አያሰማም። በመንገድ የሚያልፉ ጎረቤቶች እጃቸውን ያነሳሉ፤ እግሯን ከብረቱ አንስታ ቀና ስትል አልፈዋል። ሰላምታው ያመልጣታል፤ ጀርባቸውን ብቻ ታያለች።

ለአረፋ ዑመይር አገር ቤት ገባ። መዶሻውን አስነስታ አሳየችው። እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ዙሪያውን ዞረው፤ ከዚያ የሚረገጠውን ብረት በእግሩ ሞከረው።

"እኔን ተክቶኛል" አለ።

"ክንድህን ነው የተካው" አለች ናጃህ። "መዶሻው ከመጣልኝ ጀምሮ ግን ከማን ጋር እንዳወራሁ ልንገርህ? ከማንም።"

ዑመይር አቀረቀረ። መዶሻውን ቅባት ቀባላት፤ የላሉ ብሎኖችን አጠበቀላት። ከበዓሉ በሦስተኛው ቀን እስከ መናኸሪያ ሸኘችው። አውቶቡሱ ሲወጣ በመስኮት አጎንብሶ በየጁምዓው እንደሚደውል ነገራት። ለሁለት ጁምዓ ብቻ ደወለ።

ክረምቱ ሲቃረብ ከእንሴኖ አንድ ሽማግሌ የደነዘዘ ማረሻ ይዘው መጡ። ናጃህ በርጩማውን በእጇ ጠርጋ፣ ቶሎ ስለሚያልቅ ተቀምጠው እንዲጠብቁ ለመነቻቸው። ሽማግሌው አመስግነው ገበያ ጉዳይ እንዳላቸው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ተመልሰው እንደሚወስዱት ነገሯት። ማረሻውን ተቀብላ፣ ማራገቢያውን ከፍታ እሳቱን አያያዘች።