ስሙን ያላወቅሁት ቀይ ጣውላ

አባቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ይዟቸው የመጣው አንድ መላጊያና ሁለት መሮ፣ እሱ ሲሞት ለእኔ ቀሩ። «ሴት ልጅ አናጺ አትሆንም» ያለኝን ሁሉ ሰምቼ ስጨርስ፣ ጋምቤላ ገበያ ጀርባ ዳስ ጥዬ ሥራ ጀመርኩ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ቢሮው ሁሉ ጠረጴዛና መደርደሪያ ይፈልጋል። ጣውላ ግን ከደጋ ተጭኖ ስለሚመጣ ለእኔ አቅም አይቀመስም። ወደ ፑኝዶ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የእርዳታ እህል መጋዘን ነበር። ጆንያው መሬት እንዳይነካ ከሥሩ የሚነጠፈው፣ ፓሌት የሚሉት የእንጨት ርብራብ ሲሰባበር ደጅ ይጣላል። ከባሕር ማዶ ከጭነት ጋር የመጣ ነው። ሴቶች ለማገዶ ይወስዱታል፤ እኔ ዘበኛውን አስፈቅጄ ለሥራ ወሰድኩት።

ምስማሩን ነቅዬ ስልገው ከአቧራው ሥር ሦስት ዓይነት እንጨት ወጣ። አንዱ ነጭ ነው፤ ሙጫ ይሸታል። ሌላው ቢጫ ሆኖ ሰጋቱራው ጉሮሮ ይከረክራል፤ መድኃኒት ውስጥ ተነክሯል ብዬ ለብቻው አስቀመጥኩት። ሦስተኛው ቀይና ከባድ ነው፤ የመላጊያዬን ስለት ሁለቴ አደነዘዘው። እንዲህ ያለ እንጨት አባቴም አሳይቶኝ አያውቅም።

ከቀዩ አንድ ናሙና ሠርቼ መደርደሪያ ወደሚፈልግ ቢሮ ሄድኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ በጣቱ አንኳኳው።

«ምን እንጨት ነው?»

«ስሙን አላውቀውም።»

«ቅጹ የእንጨት ዓይነት ይላል። ዋንዛ ብለሽ ሙዪው፤ ማን ያየዋል?»

«ዋንዛ አይደለማ!»

«እንግዲያው ስም ይዘሽ ነዪ። ስም የሌለው ዕቃ አይመዘገብም።»

ተናድጄ ወጣሁ። ባሮ ወንዝ ዳር ታንኳ የሚጠርቡ አንድ የአኙዋክ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀዩን ቁራጭ ወሰድኩላቸው። አሸተቱት፣ በጥርሳቸው ነከሱት፣ ውሃ ላይ ጣሉት። ድንጋይ ይመስል ሰጠመ።

«የእኛ አገር አይደለም» አሉ፤ «የእኛን እንጨት እጄ ያውቃል።»

«ታዲያ ስሙን ማንን ልጠይቅ አባባ?»

«ስም ምን ያደርጋል? ምስጥ ጠይቂ።»

ጠየቅሁ። ከሦስቱም ዓይነት አንዳንድ ቁራጭ፣ ሌሎቹ አናጺዎች ዋንዛ ነው እያሉ ከሚሸጡት ጣውላም አንድ ጨምሬ፣ ከዳሴ ኋላ ካለው ኩይሳ ሥር ቀበርኳቸው። ጎረቤቶቼ እንጨት የምትቀብር ሴት አሉኝ። ይበሉ! ከወር በኋላ ስቆፍር ነጩ በእጄ ላይ ፈረሰ። ዋንዛ የተባለው ግማሹ የለም። ቢጫው ደህና ነው፤ የመድኃኒቱ ሥራ ይመስለኛል። ቀዩን በውሃ ሳጥበው አንድም ጭረት አልነበረበትም።

ቁርጥራጮቹን ከነጭቃቸው ወስጄ ሰውዬው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው።

«አሁንም ስም አላመጣሽም» አለኝ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ።

ቅጹን ተቀበልኩትና በእንጨቱ ዓይነት ፊት ለፊት «ስሙ ያልታወቀ፣ ቀይ፣ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም፣ ምስጥ የማይበላው» ብዬ ጻፍኩ። ቦታው ስላልበቃኝ ጠርዙ ላይ ቀጠልኩ።

«ይሄን አልፈርምም።»

«አይፈርሙ። እኔ ግን ውሸት አልጽፍም።»

ሥራው ዋንዛ ብሎ ለጻፈ ሰው ተሰጠ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ አልክድም። በማግስቱ ግን ቀዩን መላግ ቀጠልኩ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ የደጋ ሰው የሆነ መምህር ወደ ዳሴ መጣ። ምስጥ የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት ከነሣጥናቸው በልቶበታል። ስለ እንጨቱ የማውቀውንም የማላውቀውንም ነገርኩት።

«እኔ የምፈልገው መጻሕፍቴ እንዲተርፉ ነው» አለ።

አራት ሣጥን ሠራሁለት፤ ቀዩ ጣውላ በዚያው አለቀ። ከዓመታት በኋላ ለጥናት የመጣ አንድ የደን ባለሙያ ሣጥኖቹን አይቶ አስጠራኝ። በማጉያ መነጽር አገላብጦ ሲያያቸው ቆየና ራሱን ነቀነቀ።

«በዓይን ብቻ ይሄ ነው ለማለት ይከብደኛል» አለ።

«እንደሱ ብለው ይጻፉልኛ!» አልኩት።

ሳቀ፤ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶም እንዳልኩት ጻፈ።