የሁለት ወረዳዎች አይፒ አድራሻ በዕጣ የተከፈለበት ጠዋት

ዳባት የሄድኩት ስለ ገብስ ምርት ልዘግብ ነበር። የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የገባሁትም የማሳ ካርታ ለመጠየቅ ነው። ካርታውን አላገኘሁም። ይልቁንም የሁለት ወረዳዎችን ኮምፒውተሮች አድራሻ አከፋፍዬ ወጣሁ።

ከሌሊቱ ብርድ ገና ያልተላቀቀው ኮሪደር ላይ አንዲት አሮጊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጎረቤታቸው በየእርሻው ወራት አንድ አንድ ፈር ወደ ማሳቸው እየገፋ ነው። ከሰውታል፤ ችሎቱም የዚያኑ ዕለት በአምስት ሰዓት ነው። የይዞታ ማረጋገጫቸውን ግን አይጥ በልቶታል። ምትኩ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት እጃቸው ካልገባ ማሳው የእሳቸው ለመሆኑ የሚያሳዩት ነገር የለም። ጊዜው ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

«አራተኛ ቀኔ ነው» አሉኝ። «ወረቀቴስ ይወጣል። ደባርቅ ነው እንጂ የሚወጣው።»

ደባርቅ ጎረቤት ወረዳ ነው። ቀልድ መስሎኝ ለሥራ ከጎንደር የመጣ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ጠየቅሁ። እውነት ነው አለ። የመዝገቡ ግማሽ በየወረዳው ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሩቅ ቦታ በኪራይ በተያዙ፣ ክላውድ በሚሏቸው ኮምፒውተሮች ላይ ተቀምጧል። ከዚያ የሚላክ ወረቀት የሚደርስበትን ፕሪንተር የሚያገኘው በአይፒ አድራሻው፣ ማለትም በተሰጠው ቁጥር ነው።

«ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ለደባርቅ አንድ፣ ለዳባት ሁለት ብሎ አቅዶ ነበር» አለኝ። «የዳባቱ ኃላፊ "እኛ በምን ዕዳችን ሁለተኛ እንሆናለን?" አሉ። እሱም ለሁለቱም አንድ ሰጣቸውና ተገላገለ።»

ወረዳዎቹ ለየብቻ እስከሠሩ ድረስ ይህ ማንንም አልጎዳም። ሁለቱም ከክላውዱ ጋር ሲገናኙ ግን የሁለቱም ወረቀት መስመሩ ወደ ያዘለት ወረዳ ይሄድ ጀመር። ደባርቅ መብራት ሲጠፋ የደባርቅ ገበሬ ማስረጃ ዳባት ይታተማል፤ ዳባት ሲጠፋ ደግሞ በተቃራኒው። ስለዚህ እንደ መስኖ ውሃ ተራ ገቡ፤ ጠዋት ደባርቆች መስመራቸውን ያጠፋሉ፣ ከሰዓት ዳባቶች። የዚያን ሳምንት ግን ደባርቅ ባለጉዳይ ስለበዛ ደባርቆች አናጠፋም አሉ።

«ታዲያ ወረቀቱ በሚኒባስ አይመጣም?» አልኩት የዳባቱን ኃላፊ።

«እኔ ያላተምኩት ወረቀት ላይ ማኅተም አልመታም።»

«ደባርቆች ይምቱበታ።»

«የዳባትን መሬት?» ብሎ እንደ ሕፃን አየኝ።

ባለሙያው አዲስ ዕቅድ ነበረው። አንድ ቁጥርን ማንም አይወስድም፤ አንዱ ወረዳ አሥር፣ ሌላው ሃያ ይሆናል፤ በመካከል ያለው ወደፊት ለሚመጡ መሥሪያ ቤቶች ይቀመጣል። የሚያስፈልገው የሁለቱ ኃላፊዎች ስምምነት ብቻ ነው። ደባርቅ ተደወለና ስልኩ ሁላችንም እንድንሰማ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

«አሥሩ የእኛ ነው» አለ የደባርቁ ኃላፊ።

«በምን ሒሳብ?»

«ቱሪስት ለሚጎርፍበት ፓርክ የምንቀርበው እኛ ነና!»

«ለጎንደር የምንቀርበውስ ማን ሆነና?»

«ጋሼ፣ ለኮምፒውተሩ እኮ ሁለቱም ቁጥር እኩል ነው» አለ ባለሙያው።

«ኮምፒውተሩማ ምን አለበት፤ ስብሰባ አይጠራ!» አለ የዳባቱ።

በዚህ መካከል አሮጊቷ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር። «መሬት ስትሸነሽኑ ዕጣ ትጥሉ አልነበረም እንዴ? ይኼ ከመሬት በለጠባችሁ?»

ሁለቱም ኃላፊዎች በወጣትነታቸው መሬት አከፋፋይ ኮሚቴ ውስጥ ሠርተዋል። ልማዱን ያውቁታል፤ ባለድርሻው ሁሉ አንዳንድ ነገር ይመርጣል፣ የማን የቱ እንደሆነ ያላየ ሰው ደግሞ በየመሬቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

«የሚጥለው ማነው?» አለ ስልኩ።

«እንግዳ ሰው አለ። ጋዜጠኛ ነው።»

«ጋዜጠኛ? ይታመናል?»

«እኔ አለሁበት» አሉ አሮጊቷ።

ወደ ግቢው አስወጡኝ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ተዘርግቷል፤ አንዱ ላይ አሥር፣ ሌላው ላይ ሃያ ተጽፏል። ባለሙያው መዳፉን ዘረጋልኝ፤ አንድ ጠጠርና አንድ የፍየል በጠጥ ይዟል። ብዙ የሥራ ኃላፊዎችን ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ፤ በጠጥ ግን ማንም አስይዞኝ አያውቅም። ጠጠሩን ሃያ ላይ፣ በጠጡን አሥር ላይ አደረግሁ።

«ጠጠሬ የት ወደቀ?» አለ የደባርቁ ኃላፊ።

«ሃያ ላይ።»

«እንግዲህ ዕጣ ነው። ደግሞስ ሃያ ከአሥር ይበልጥ የለ?»

የዳባቱ ኃላፊ ፊት ተለዋወጠ። አፉን ሊከፍት ሲል አሮጊቷ ቀደሙት፤ «ዕጣው ወጥቷል!»

ባለሙያው ቁጥሮቹን ለመለወጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀበት። አራት ሰዓት ከአርባ ሲሆን የዳባት ፕሪንተር ተንጫጫና የአሮጊቷን ማስረጃ አወጣ። ኃላፊው አንብቦ፣ ገልብጦ አይቶ ማኅተሙን መታበት። አሮጊቷ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያሉበት፣ እኔም እየተከተልኳቸው ፍርድ ቤት ደረስን።

ጉዳያቸው ተጠራ። ተከሳሹ የለም። ሦስት ጊዜ ስሙ ተጠርቶ ሲታጣ አንድ ዘመዱ ከኋላ ተነሣ። «ጌታዬ፣ የዳባት ወረቀት የሚወጣው ደባርቅ ነው ብለውት ማለዳ ወደዚያው ሄዷል።»

ዳኛው ወደ አሮጊቷ ዞሩ። ማስረጃው ተሟልቷልና ተከሳሹ በሌለበት ማየት እንደሚቻል ነገሯቸው።

«ይጠበቅልኝ» አሉ። «ሳይሰማ ብረታው ነገ ተመልሶ ፈሩን ይገፋዋል። ቆሞ ይስማኝ።»

ችሎቱ ለከሰዓት ስምንት ሰዓት ተላለፈ። አሮጊቷ ወረቀቱን እንደያዙ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከደባርቅ የሚመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ረዳቱን ይጠሩታል፤

«ልጄ፣ አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ፎጣ የጠመጠመ፣ ወረቀት አጣሁ እያለ የሚነጫነጭ አልጫናችሁም?»