ወንዝ አናቋርጥም ብዬ የማልኩ ጊዜ

እኔ ስናደድ ድምፄን ዝቅ ከሚያደርጉት ወገን አይደለሁም። ሚዛን ተፈሪ ሆኜ ስጮህ ጎረቤት ከተማ አማን ይሰማል ይላሉ፤ ብዙም አልዋሹ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "የአንቺ ምላስ አንድ ቀን ሰው ላይ ጉድ ያመጣል" ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ አምጥቶ ነበር፤ ዛሬ የማወራው እሱን ነው።

ነገሩ የመጣው በመኪና ነው። አስፋልቱ ገና ጅማ ላይ ቆሞ በነበረበት ዘመን፣ የነበረችኝን ሱቅ ዘግቼ አዲስ የጭነት መኪና ገዛሁ። ሹፌሩ ታናሽ ወንድሜ ነው። በቡና ወቅት ከሸዋ ቤንች ገጠር እሸት ቡና እየሰበሰብን ወደ ቡና ማጠቢያው ጣቢያ እናደርሳለን፤ ወቅቱ ሲያልፍ ከቴፒ ሙዝና ኮረሪማ፣ ከጌጫ ድንችና ባቄላ እናመላልሳለን። እሸት ቡና ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት የተለቀመ ማታ ካልተፈለፈለ ይቦካል፤ መኪናሽ መንገድ ላይ ቆመች ማለት የገበሬው የዓመት ልፋት ጆንያ ውስጥ ተበላሸ ማለት ነው። ለዚህ ነው አሮጌ አልገዛም፣ አዲስ ከነጋራንቲዋ ነው የምፈልገው ብዬ ድርቅ ያልኩት።

ጋራንቲ! ከኩባንያው ጋራዥ በቀር ማንም ብሎን ከፈታ ዋስትናው ፈረሰ ይላል ወረቀቱ። አማን ውስጥ ድምፅ ሰምተው ብቻ በሽታውን የሚነግሩሽ መካኒኮች አሉ፤ እነሱ ቆመው ከማየት በቀር እንዳይነኳት ተከለከሉ። የኩባንያው ጋራዥ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ሁለት ቀን መንገድ፣ ያውም ዝናብ ካልጣለ። በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ለሰርቪስ ቅረቢ ይሉኛል፤ ደርሶ መልሱ ብቻ ከሺህ በላይ ነው። ለሰርቪስ ስመላለስ ሌላ ሰርቪስ ይደርሳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ፣ እንዲያ ነው የሆነብኝ።

መኪናዋ በአራተኛ ወሯ ከጌጫ ወደ ቴፒ ስንወርድ ከኋላ ማጉረምረም ጀመረች። ከኋላ ጎማዎች መሃል ያለው፣ ዲፍረንሻል የሚሉት ድቡልቡል ብረት ነው። እያጉረመረመች፣ እያዘገምን፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባን። የተቀበለን መካኒክ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የመነጽሩን ጆሮ በሽቦ ያሰረ ሰው ነው። ዘይቱን ሲያፈሰው ሻይ በወተት መስሎ ወጣ።

"ውሃ ገብቶበታል እትዬ። ኩሽኔታውን የበላው እሱ ነው። ወንዝ ታቋርጣላችሁ?" አለኝ።

"የምን ወንዝ? ከሚዛን ቴፒ ድልድይ የሌለው ወንዝ የለም! እኛን ጫካ ውስጥ ያለን መስሎህ ነው? ወንዝ አቋርጣ ከሆነ ልጆቼን ይንሳኝ!" አልኩት። ከልቤ ነው የማልኩት። ኩሽኔታውን ለውጦ ሰጠኝ።

ሦስት ወር አልቆየችም፣ ያው ማጉረምረም፣ ያው ቦታ። ለቡናው ወቅት የቀሩን ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ጋራዡ ውስጥ ያው ወተት የመሰለ ዘይት፣ ያው መካኒክ፣ ያው ጥያቄ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ፣ በሩን ሳልዘጋ፣ ጋራዡ በሙሉ እየሰማ፣ "ይሄ ሰውዬ አዲሱን ኩሽኔታ ለራሱ ሸጦ ለእኔ አሮጌ ነው የገጠመልኝ! ሌባ ነው!" አልኩ። ማስረጃ አልነበረኝም። አፌ ላይ መጣ፣ ተናገርኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን ተረት እያወቅሁ ነው እንግዲህ።

ሥራ አስኪያጁ ሰውየውን ፊቴ አስጠራው። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማ። ጨርቁን ደጋግሞ አጠፈው። ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ መኪናዋ ትጠገናለች፤ መካኒኩ አብሮ ሚዛን ወርዶ አንድ ሳምንት ይቀመጣል። ጥፋቱ የአነዳድ ወይም የአያያዝ ከሆነ ጋራንቲው ይፈርሳል፣ የሁለቱንም ጥገና ወጪ እከፍላለሁ። ካልሆነ ጥፋቱ የሥራው ነው፣ መካኒኩ ይባረራል። አንድ ወረቀት ሰጠንና ለመካኒኩ፣ "አንተ የምትጽፈውን አላምንም። ባለንብረቷ የጻፈችውን ነው የምቀበለው" አለው።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስነው እኔ ነኝ የማውቀው። ጋቢናው ውስጥ በእኔና በወንድሜ መሃል ተጣብቆ ተቀምጧል። ድልድይ በደረስን ቁጥር እኔ ጣቴን እቀስርና "ይኸው ድልድይ!" እላለሁ። "አየሁ እትዬ" ይላል። ቀጥለን ሌላ። "ይኸው!" "አየሁ እትዬ።" ከቦንጋ በኋላ ወንድሜ በቃ ተይው ብሎ በዓይኑ ለመነኝ። አልተውኩትም።

እሑድ ማታ ሚዛን ገባን። ከሰኞ ጀምሮ ከእኛ ጋር ይውላል፤ ጆንያ ይቆጥራል፣ ትርፍ ጭነት አለ እንደሆነ ያያል፤ የለም። ሥራ በቆመ ቁጥር ከመኪናዋ ሥር ገብቶ መዳፉን ብረቱ ላይ ያሳርፋል፣ "ደህና ናት" ይላል። ማክሰኞ ደህና፣ ሐሙስ ደህና። እሷ ደህና በሆነች ቁጥር የሱ ፊት ይጠቁራል፤ በሽታዋን ካላገኘ እንጀራው ሊቆረጥ ነውና። ዓርብ ምሳ ላይ ስንት ልጅ አለህ ብዬ ጠየቅሁት። "ሦስት" አለኝ። ወጡን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁለት። ግን አሁንም ሌባ ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ ልቤ ግትር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መኪና ማጠብ የከተማችን ወግ ነው። የሳምንቱን ጭቃ እንደተሸከመች እሑድ ደጅ ላይ የምታድር መኪና ባለቤቷን ታሳፍራለች። እኔ ደግሞ እንግዳው በማግሥቱ ስለሚሄድ፣ ሌባም ቢሆን፣ መኪናዬን እንዴት እንደምይዝ አይቶ ይሂድ ብዬ ወንድሜን "ዛሬ እንደ ሙሽራ አድርገህ እጠባት" አልኩት። ከጌጫ ሙሉ ጭነት ይዘን መጥተን ማራገፋችን ነበር። ወንድሜ እንደወትሮው ከአማን ወረድ ብሎ ካለው ወንዝ ዳር አደረሰንና እኛን አውርዶ፣ የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማዎቿ እስኪጋመሱ ውሃው ውስጥ ነከራት።

ሽሽሽ አለች። ከሥሯ እንፋሎት ወጣ።

ዝምተኛው ሰው ከነጫማው፣ ከነሱሪው ወንዙ ውስጥ ሮጦ ገባ። "አውጣት! አውጣት! ኧረ ባምላክ አውጣት!" እያለ የመኪናዋን በር በሁለት እጁ ይደበድባል። እኔ ሰውዬው አበደ ብዬ ደንግጬ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ስትወጣ ከሥሯ ገብቶ የዚያን ድቡልቡል ብረት የታችኛውን ብሎን ፈታና ጣሳ ደቀነ። መጀመሪያ የወጣው ዘይት አልነበረም። ውሃ ነበር፣ ግማሽ ጣሳ የሚሆን፣ ጥርት ያለ የወንዝ ውሃ። ቁጭ ብሎ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ባልለየ ድምፅ አስረዳኝ። መኪናዋ ስትሠራ ብረቱ ይግላል፤ አናቱ ላይ የሚተነፍስበት ትንሽ ቀዳዳ አለው። የጋለውን ብረት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ወደ ውስጥ ይስባል። አየር ካገኘ አየር ይስባል፤ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ።

"ወንዝ አናቋርጥም አላላችሁኝም?" አለ።

"አናቋርጥማ!" አለ ወንድሜ። "በገባንበት ነው የምንወጣው።"

ማርያምን፣ ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በየቅዳሜው፣ በገዛ ትእዛዜ፣ እያሳመርኳት መስሎኝ ስገድላት ከርሜአለሁ። ማጠብና ማቋረጥ ለእኔ ሌላና ሌላ ነበሩ፤ የማልኩት በቅንነት ነው። ሌባ ያልኩት ግን በቅንነት አልነበረም።

ወንድሜ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝና በጆሮዬ፣ "እትዬ፣ ያየነው ሦስታችን ብቻ ነን። ሥራ አስኪያጁ የሚያምነው ያንቺን ጽሑፍ ነው። ደህና ሰነበተች፣ ምንም አላየንም ብለሽ ጻፊና ጋራንቲያችን ይቆይልን። ወቅቱ ደርሷል" አለኝ። ሹክ አለ ይባላል እንጂ መካኒኩ ሰምቷል። እርጥብ ሱሪውን እየጨመቀ ወንዙን ያያል። ከዚያ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ በውሃ የራሰውን ጠርዝ በሸሚዙ አድርቆ ሰጠኝ። "እርስዎ የመሰለዎትን ይጻፉ" አለኝ። እንዲህ ጻፉልኝ አላለም፤ የሰደብኩትን አንድ ቃል እንኳ አላነሳም።

ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። እኔ ብሆን ኖሮ ወንዙን በእሪታ አደርቀው ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "መኪናዋን በየቅዳሜው ከነትኩሳቷ ወንዝ የማስገባት እኔ ነኝ። መካኒኩ ምንም አልሰረቀም።" ፈረምኩበት። ወንድሜ ጭንቅላቱን ያዘ።

መካኒኩ አነበበው። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ እንዳነበባት ከዓይኑ አየሁ። "ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ" አልኩት። "ይቅር ለእግዜር" አለኝና ወዲያው ከአማን መካኒኮች አንድ ክንድ የሚያህል ቀጭን የጎማ ቱቦ እንዲመጣለት ላከ። ዘይቷን ቀየረ፤ ቱቦውን በዚያች ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ጫፉን ወደ ላይ ስቦ፣ ውሃ ከማይደርስበት ቦታ በሽቦ አሰረው። "እጅዎን አሳርፈው ሳያቃጥልዎ ሲቀር ብቻ ወደ ውሃ። ይኼው ነው" አለ። እሑድ ጠዋት አውቶብስ ላይ ስንሸኘው ሙዝ በዘንቢል ሙሉ አሸከምነው፤ ለሦስቱ ልጆች።

ጋራንቲው ፈረሰ፣ ወጪውም በእኔ ላይ ወደቀ። አልዋሽም፣ አመመኝ። ግን ጋራንቲው ሲፈርስ የአማን መካኒኮችም መኪናዋን መንካት ተፈቀደላቸው፤ በዚያች ቱቦ ደግሞ ያ በሽታ አልተመለሰባትም። ያን ዓመት አንድ ጆንያ እሸት ቡና መንገድ ላይ አልቦካብንም። ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ደግሞ ከእኔ አፍ የተሻለ ምን አለ? ዓመት ሳይሞላ ቅዳሜ ከሰዓት ወንዙ ዳር መኪኖች ተሰልፈው ሲበርዱ፣ ሹፌሮቹ ሣሩ ላይ ተጋድመው ሲቀላለዱ ማየት የተለመደ ሆነ። እኔ ሳልፍ "እትዬ፣ እጅሽን አሳርፊና ፍረጂን!" ይሉኛል። ይሳቁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አስፋልቱም ሚዛን ከደረሰ ወዲህ፣ ሁለተኛ መኪና ልገዛ ወደዚያው ኩባንያ ሄድኩ። ቁልፍ የሚያስረክበው ወጣት የአያያዝ ደብተሩን እያገላበጠ ያነብልኛል። አንዱ ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ፦ "ከሥራ እንደተመለሰች፣ ሳትበርድ ወንዝ ውስጥ አያስገቡ። ይሄን ደግሞ ማን ያደርገዋል ብለው እንደጻፉት እንጃ፣ እትዬ።"

"እኔ" አልኩት።

ልጁ ደንግጦ ይቅርታ ሲል ከኋላው የቢሮ በር ተከፈተ። ረጅሙ ሰው ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ መነጽሩ አዲስ ነው፣ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ሆኗል። ያስጻፈው እሱ እንደሆነ ገባኝ። እጄን ይዞ ቢሮው አስገባኝና መሳቢያውን ከፈተ። ያቺ ወረቀት፣ ጠርዟ በውሃ የተጨማደደች፣ በላስቲክ ተሸፍና ተቀምጣለች። "ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ሲመልስልኝ፣ ቤት ወስጄ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሌባ ተባለ የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር" አለኝ።

እኔ፣ ምላሴ የማይታክተው ሴትዮ፣ ወረቀቷን በጣቴ ብቻ ዳበስኳት። ከዚያ፣ "ለመጀመሪያው ሰርቪስ መቼ ላምጣት?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አያምጧት" አለኝ። "ከዚህ ዓመት ጀምሮ በየወሩ እኛ ሚዛን እንወርዳለን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወንዙ ዳር ይጠብቁን።"