ከቅጠሉ ክምር የወጣች እጅ

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የሕፃናት ማቆያው ግቢ ለልጆቹ ሌላ ዓለም ነው። ቅጠሉን በየቀለሙ ይለያሉ፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ ይደረድራሉ፤ ሲሰለቻቸው አንድ ላይ ይከምሩትና ተራ በተራ ከሥሩ ይደበቃሉ። የተደበቀው ስሙ እስኪጠራ ዝም ብሎ ይቆይና "አለሁ!" ብሎ ብድግ ይላል።

ሞግዚቷ ግን አታስጨርሳቸውም። ቅጠሉ ገና የልጁን ፊት ሲሸፍን፣ ኪሱ በመሐረብ ያበጠውን ሽርጧን ሰብስባ ትንበረከክና በሁለት እጇ ትዝቀዋለች።

"እትዬ ደግሞ! ጨዋታ ታበላሻለሽ!"

"ብርድ እንዳይመታችሁ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ ጌቶች" ትላለች። በዚያ ብርድ የእሷ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

አዲሷ አስተማሪ መጀመሪያ ላይ "ምነው እኚህ ሴትዮ እንዲህ ጨቅጫቃ ሆኑ!" ብላ ነበር። አንድ ቀን ሞግዚቷን ልጅ እንዳላት ጠየቀቻት።

"ነበረኝ" አለች ሞግዚቷ፤ መጥረጊያዋንም አንሥታ የተጠረገውን ደጅ እንደገና መጥረግ ያዘች።

ዛሬ ተራው የአንዲት ኮልታፋ ልጅ ነው። ጓደኞቿ ቅጠሉን ሲከምሩባት ሞግዚቷ እንደ ልማዷ ከአግዳሚው ተነሣች። ይኼኔ ከክምሩ ሥር አንዲት ትንሽ እጅ ብቅ አለች።

"እትዬ፣ እጄን ያዢኝ፤ ፊቴን ግን እንዳትገልጪው፣ እሺ?"

ሞግዚቷ ተንበርክካ ያዘቻት። ልጆቹ ስሟን ሲጠሩ ልጅቱ "አለሁ!" ብላ ቅጠሉን በትና ተነሣች፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። አስተማሪዋም ልትስቅ ዞር ስትል ሞግዚቷን አየቻት። የልጅቱን እጅ አጥብቃ እንደያዘች፣ ገና የሚነሣ ሌላ ልጅ ያለ ይመስል፣ የተበተነውን ቅጠል ትኩር ብላ ታያለች።